ከዕቃ እጣቢ የተነሣ ምርምር

«ቤተ ሙከራ በሌለበት ሳይንስ እንዴት እናስተምር?» የሚለው ጥያቄ በእኛ በዕጩ መምህራን መካከል ዘወትር ይነሣል። ዕቃ መጠየቃችን ተገቢ ነው። ዕቃው እስኪመጣ ግን ተማሪው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? እስቲ የአንዲት ተመራማሪን ሥራ እንመልከት። (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አግነስ ፖከልስ በ1862 ቬኒስ ተወልዳ በጀርመን አገር፣ በብራውንሽቫይክ ከተማ አደገች። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ለሴት አልተከፈተም። ወንድሟ ፊዚክስ ሊማር ሲሄድ እሷ ቤት ቀርታ ወላጆቿን ታስታምም፣ ጓዳውንም ታስተዳድር ነበር። ቅባት የነካው የውሃ ገጽ ከንጹሕ ውሃ የተለየ ጠባይ እንዳለው ያስተዋለችው ዕቃ ስታጥብ እንደሆነ ይነገራል።

ይህን ያየ ሰው ሞልቷል፤ እሷ ግን ለካችው። ርዝመቱ 70፣ ስፋቱ 5፣ ከፍታው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ገንዳ አፉ ድረስ ውሃ ሞላች። በላዩ አግድም ያስቀመጠችውን ቀጭን ቆርቆሮ ወዲያና ወዲህ እየገፋች ቅባቱ ያረፈበትን ቦታ ታጠባለች፣ ታሰፋለች። ትንሽ ክብ ነገር ከሚዛን ላይ አንጠልጥላም ከውሃው ለማላቀቅ ስንት ኃይል እንደሚፈጅ ትመዝናለች። የገጽ ውጥረትን የለካችው በዚህ ነው።

ምን አገኘች? ቅባቱ ሰፊ ቦታ ሲኖረው ውጥረቱ የንጹሕ ውሃ ያህል ነው። ቦታው ጠቦ አንድ ልክ ላይ ሲደርስ ግን ውጥረቱ በፍጥነት ይቀንሳል። ነገሩ እንደ ተማሪዎች ሰልፍ ነው፤ ተራርቀው ሲቆሙ አይነካኩም፣ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ግን መገፋፋት ይጀምራሉ። የቅባት ሞለኪዩሎችም እንዲሁ ናቸው።

በጥር 1891 ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬሊ ጻፈች። እሳቸውም ደብዳቤው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንዲወጣ አደረጉ፤ በመጋቢት ታተመ። በ1917 አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚዩር የእሷን ዓይነት ገንዳ አሻሽሎ፣ ሽፋኑ የአንድ ሞለኪዩል ውፍረት ብቻ እንዳለው አስረዳ። የሥራ ባልደረባው ካትሪን ብሎጄት ደግሞ ሽፋኑን በመስታወት ላይ እየደራረበች በ1938 በ44 ንብርብር ብርሃን የማያንጸባርቅ መስታወት ሠራች። የአንዱ ንብርብር ውፍረት 2.5 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ ናኖ ሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

አግነስ የክብር ዶክትሬት ያገኘችው በ1932፣ በ70 ዓመቷ ነው። ይህ ማለት ችግር ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በሩ በጊዜ ቢከፈትላት ኖሮ ስንት በሠራች! ከፊታችን የሚቀመጡትን ልጃገረዶች ስናይ ይህ አይርሳን።

ለመጪው ልምምድ ይህን እንሞክር። ንጹሕ ሳህን ውሃ ሞልተን የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ እንበትንበት። ሳሙና የተቀባ ስንጥር መሃሉን ስናስነካው በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል። ውሃውን ሳንለውጥ እንድገመው፤ እንደ መጀመሪያው አይሸሽም። ለምን? መልሱን ቶሎ አንንገራቸው። ተማሪዎቹ ያስቡበት።