የዕለት ምግባችንና የተዘነጋ ታሪኩ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የአስተያየት ድርሰትን ነው። የአስተያየት ድርሰት ጸሐፊው አንድን የተለመደ ነገር መርምሮ፣ ያገኘውን እውነትና ያደረበትን ሐሳብ አዋሕዶ የሚያቀርብበት የድርሰት ዐይነት ነው። ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየቀኑ የሚቀርብላችሁ ማዕድ ይበቃል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

እንጀራና ሽሮ ወጥ የቀረበለት ሰው ስለ ምግቡ ጣዕም እንጂ ስለ አመጣጡ እምብዛም አያስብም። ነገር ግን በዚያች ገበታ ላይ ሦስት ታሪኮች ተገናኝተዋል።

የመጀመሪያው የጤፍ ታሪክ ነው። ጤፍ ለሰው ምግብነት የበቃው በዚህችው በአገራችን ነው። ፍሬው ከማነሱ የተነሣ የአንዲት ስንዴን ክብደት ለማከል ከመቶ በላይ የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ልዩ ልዩ ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ አገራችንን የሰብል ዝርያዎች ከፈለቁባቸው የዓለም ማዕከሎች መካከል ቈጥሯታል። እኔ ግን ጤፍን ባሰብሁ ቍጥር በዐይነ ሕሊናዬ የሚታየኝ ይህችን ደቃቅ ፍሬ ከሣር መካከል ለይቶ ያለማት፣ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነው።

ሁለተኛው የበርበሬ ታሪክ ነው። ከበርበሬ የበለጠ የእኛ የሚመስል ቅመም የለም። ሆኖም የተክሉ የትውልድ አገር አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአፍሪካ አይታወቅም ነበር። እንግዲህ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች በርበሬ አልቀመሱም ማለት ነው። ታዲያ በርበሬ የእኛ አይደለም ልንል ነውን? አንልም። ተክሉ እንግዳ ቢሆንም፣ ከኮረሪማ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ያዋሐደው የእናቶቻችን እጅ ነው።

ሦስተኛው የጓያ ታሪክ ነው። ሽሮ ከአተር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ይዘጋጃል፤ በችግረኛ ቤት ግን ከጓያም ይዘጋጃል። ጓያ ድርቅንም ውሃ ያቈረ መሬትንም ስለሚችል፣ ሌላው ሰብል በጠፋበት ዘመን ለገበሬው ይተርፍለታል። ነገር ግን በውስጡ መርዝ አለ። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሮቹ ሊሽመደመዱ ይችላሉ፤ ከሽመድመዳው የሚድንበትም መድኃኒት የለም። ሌላ እህል ላለው ሰው ጥቂት ጓያ ምግብ ነው፤ ሌላ ለሌለው ግን የዘወትር ጓያ አካልን የሚያስከፍል ዕዳ ነው። ሽሮ በቀረበልን ጊዜ ይህን ማስታወስ የሚገባን ይመስለኛል።

ማብራሪያ

አንዳንድ ጊዜ የአንድ ነገር ስም የአመጣጡ ምስክር ይሆናል። «ባሕር» የሚለው ስም ሌላውን ስም ሲገልጥ «ከባሕር ማዶ የመጣ» የሚል ትርጕም ሊሰጥ ይችላል። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ «ባሕር ዛፍ»፣ ከአሜሪካ የተገኘው በቆሎም በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ ቍንዶ በርበሬ ከበርበሬ ጋር በስም ቢገናኝም፣ ከሕንድ የመጣ፣ ከበርበሬ ጋር የማይዛመድ ተክል ነው። ስለዚህ ጸሐፊ ስምን ከታሪክ ጋር ማመሳከር አለበት።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ እውነታ የሚገልጡ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችንና የጸሐፊውን አስተያየት የሚገልጡ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ለይታችሁ ጻፉ።

2. «ተክሉ እንግዳ ቢሆንም» የሚለውን ሐረግ አስመስላችሁ፣ በ«ቢሆንም» የተያያዙ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን መሥርቱ።

3. በቤታችሁ ከሚዘወተሩት ምግቦች አንዱን ምረጡ። ስለ አዘገጃጀቱና ስለ አመጣጡ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከዚያም በሦስት አንቀጽ የአስተያየት ድርሰት ጻፉ። ያላረጋገጣችሁትን ነገር እንደ እውነት አታቅርቡ።