ከብጫነት በፊት ያለው ዝምታ፦ የቫይረስ ሄፓታይተስ ምልክቶችና መዘዞች በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

መግቢያ

የዓይንና የቆዳ ብጫነት በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ መነሻውም የሌሊት ወፍ እንደሆነች በብዙዎች ይታመናል። ስያሜው በሽታውን የሚያውቀው በሚታይ ገጽታው ብቻ ነው። ጉበትን ለረጅም ጊዜ የሚጎዱት ቢ እና ሲ የተባሉት ቫይረሶች ግን ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ብጫነት ሳያሳዩ ይቆያሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና በኢትዮጵያ የቢ ቫይረስን ሥርጭት 7.4 በመቶ፣ የሲን ደግሞ 3.1 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች የደም ምርመራ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚያውቁት አንዳች ሕመም ሳይሰማቸው በዚሁ ምርመራ ነው። ውጤቱ ጉዞን የሚያስቀር ወረቀት ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር፣ የሕክምና ክትትል መነሻ መሆኑ ይዘነጋል።

አጣዳፊው መልክ

ኤ እና ኢ ቫይረሶች በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ። ስለሆነም ውኃ በፈረቃ የሚደርሳቸውና በጀሪካን የሚያጠራቅሙ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በተበከለ የወንዝ ውኃ የለማ አትክልት በጥሬው የሚመገቡ ሰዎች ለእነዚህ ቫይረሶች ይጋለጣሉ። ኤ ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ ከ2 እስከ 7 ሳምንት፣ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከ1 እስከ 6 ወር ቆይቶ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። በመጀመሪያ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀላል ትኩሳትና ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም ይሰማል። ቀጥሎ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ዓይን ብጫ ይሆናል። አብዛኞቹ ሕሙማን በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ።

የአእምሮ መደናገር፣ የቀንና የሌሊት እንቅልፍ መገለባበጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም በቀላሉ መድማት ከታየ ግን ጉበት ሥራውን እያቆመ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛው ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ኢ ቫይረስ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች አስጊ ነው፤ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ከተያዙት መካከል እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሱት ለሞት ሊዳረጉ ይችላሉ።

ሥር የሰደደው መልክ

በቢ ቫይረስ የተያዘ ሰው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በተያዘበት ዕድሜ ነው። በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት ከተያዙት 90 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘው ያድጋሉ፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ከ5 በመቶ ያነሱት ብቻ። በሲ ቫይረስ ከተያዙት ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ሥር ወደሰደደው ደረጃ ይሸጋገራሉ። ለዓመታት የሚቆየው ብግነት በጉበት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲስፋፋ ሲሮሲስ ይባላል። ጠባሳው የደምን መንገድ ሲያጠብ ወደ ጉበት በሚገባው ደም መልስ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ በምግብ ቧንቧ ላይ ያሉ ደም ሥሮች ተወጥረው ሊፈነዱና ደም ሊያስመልሱ ይችላሉ። የጉበት ካንሰርም ይከተላል፤ በቢ ቫይረስ ጊዜ ሲሮሲስ ሳይቀድም እንኳ ሊነሣ ይችላል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የሙከራ ሕክምና ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከተመዘገቡት 1303 ሕሙማን መካከል መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሆነው የተገኙት አንድ አራተኛ ያህሉ ነበሩ፤ ሕክምና ከጀመሩት ውስጥ የሞቱት በአብዛኛው ሲመጡ ሲሮሲሳቸው ወደ መጨረሻ ደረጃ የደረሰ ነበር። መድኃኒቱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው የጎዳቸው።

ማጠቃለያ

ቢ ቫይረስ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም፤ ነገር ግን ማንኛውም ሰው የጉበት ኤንዛይም፣ የፕሌትሌትና የቫይረስ መጠን ምርመራ፣ እንደ ሁኔታውም በየ6 ወሩ የአልትራሳውንድ ክትትል ያስፈልገዋል። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያዳክማል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም፤ ሲ ቫይረስ ግን በአብዛኛው በ12 ሳምንት ሕክምና ይድናል። አልኮልና ምንነታቸው ያልታወቀ የዕፅዋት መድኃኒቶች የተጎዳን ጉበት ያባብሳሉ። በአንድ መሶብ መብላት ቢንም ሆነ ሲን አያስተላልፍም፤ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ቤት የትዳር ጓደኛና ልጆች ግን ተመርምረው መከተብ ይገባቸዋል። የቢ ክትባት በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በፔንታቫለንት ውስጥ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በብዛት አልተከተበም። ስለዚህ ዛሬ ለጉዞ የሚመረመረው ሰው ውጤቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ እንዳለበት በዚያው በምርመራው ቦታ ሊነገረው ይገባል፤ ብጫነት እስኪታይ መጠበቅ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ መድረስ ነውና።