የዕድሜ ልክ ህመም፣ የማይቋረጥ ሶደቃ



ዛሬ በጁሙዓ ትምህርታችን የምናነሳው በየቤታችን ስላለ፣ ግን ብዙ ስለማናየው ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት ቆመዋል። የሐኪም ወረቀታቸውን ሰጡ፤ ባለሙያው ዋጋውን ነገራቸው።

«ልጄ፣ ያለፈው ወር እኮ እንዲህ አልነበረም» አሉ።

«እማማ፣ ጨምሯል። እኛም ጨምረን ነው የምናመጣው።»

የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ብራቸውን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «እንግዲያው የአሥራ አምስት ቀኑን ብቻ ስጠኝ። አንድ ቀን እየዘለልኩ እወስደዋለሁ» አሉት።

እኔ ከኋላቸው ሆኜ ሰማሁ፤ ምንም አላልኩም። ቤት ከደረስኩ በኋላ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። የኔም እናት የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። መሳቢያዋን ከፍቼ አየሁ። ኪኒኖቹ ለሁለት ለሁለት ተከፍለው በብልቃጥ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እንዲበረክትልኝ ብዬ ነው። አንተን ማስቸገር አልፈለግኩም» አለችኝ።

በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ» ትለኝ ነበር። ለካስ ግማሽ መድኃኒት እየዋጠች ነው።

ዋጋው ለምን ናረ?

አገራችን የምትጠቀመው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። እዚህ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመድኃኒት ዋጋም አብሮ ወጣ። በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ ሲጠፋ ደግሞ ሕመምተኛው «ከውጭ ግዛ» ይባላል።

ጉንፋን የያዘው ሰው አንዴ ገዝቶ ይገላገላል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን በየወሩ ይገዛል። ለእሱ የዋጋ ጭማሪ በየወሩ የሚመለስ ዕዳ ነው።

መድኃኒት «ማብቃቃት» ምን ያስከትላል?

ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። መድኃኒቱን የዘለለ ሰው ደህና የሆነ ይመስለዋል። ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል የደም ሥሮችን ይጎዳል። አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመርት የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ መርፌውን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኪኒንም ሁሉ አይከፈልም። ቀስ እያለ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ኪኒን ሲሰበር አሠራሩ ይበላሻል።

ስለ ኢንሱሊን ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። በ1923 (እ.ኤ.አ.) ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የተባሉት ተመራማሪዎች የግኝታቸውን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንዳንድ ዶላር ነበር የሸጡት። በሕይወት አድን መድኃኒት መክበር አልፈለጉም። ከመቶ ዓመት በኋላም ብዙ ድሃ በዋጋው ምክንያት መርፌውን ይዘላል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አንዳንዱ «ሶብር አድርጌ ልተወው፣ ሺፋ ከአላህ ነው» ይላል። ሺፋ ከአላህ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) «እንታከም ወይ?» ብለው የጠየቋቸውን ሰዎች እንዲታከሙ ነው ያዘዟቸው፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል፤ እርጅና ሲቀር። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ማርም ጥቁር አዝሙድም እንወዳለን፤ ቁርኣንም እንቀራለን። ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራሳችን አቋርጠን በእነሱ አንተካም።

ለነጋዴውም ትምህርት አለ። ዋጋ እስኪወጣ ብሎ ሰው የሚቸገርበትን ዕቃ የሚደብቅ ወንጀለኛ እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። የተደበቀው ዕቃ መድኃኒት ሲሆን ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ ለግለሰብ አቅም ብቻ አልተዉትም። ሱልጣን ቀላዉን በ1284 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ ያሠሩት ሆስፒታል የሚተዳደረው በወቅፍ ገቢ ነበር። ሕመምተኛው ሀብታም ይሁን ድሃ በነፃ ይታከማል፤ መድኃኒቱም ከዚያው ይሰጠዋል። የወቅፍ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ዛሬ ተሰጥቶ ነገ የማይቋረጥ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በትክክል እንጠይቅ። «ደህና ናችሁ?» ካልን መልሱ ሁሌም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስንመለስ እናትና አባታችንን፣ አያታችንን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችንን «መድኃኒትዎ ለስንት ቀን ቀርቷል? በቀን ስንት ነው የሚወስዱት?» እንበላቸው።

ሁለተኛ፣ አብረናቸው እንሂድ። ሐኪሙን «አቅማችን አይችልም፤ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ርካሽ መድኃኒት ይኖራል?» ብለን እንጠይቅ። አንድ መድኃኒት በተለያየ የፋብሪካ ስም በተለያየ ዋጋ ይሸጣል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ለውጡን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ይሁን። አዲስ አበባ ያለን የከነማ መድኃኒት ቤቶችን አስቀድመን እንይ።

ሦስተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ እንዳያመልጠን። ሽማግሌዎቻችን ወረፋውና ወረቀቱ ያደክማቸዋል፤ እኛ እንሩጥላቸው።

አራተኛ፣ የማይቋረጥ ሶደቃ እንጀምር። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ለዕድሜ ልክ ሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም። አንዴ ብዙ ብር አሰባስበን ፎቶ ተነስተን ከምንበተን፣ አምስት ጓደኛሞች ሆነን የአንድ ሰው መድኃኒት በየወሩ ብንሸፍን ይበልጣል። ገንዘቡን በእጃቸው ከመስጠት ለመድኃኒት ቤቱ መክፈል ይቻላል፤ ማን እንደከፈለ ባያውቁ ደግሞ ክብራቸውም ይጠበቃል፣ ለኛም ለኢኽላስ ይቀርባል። ዘካ የሚያወጣ ቤተሰብ ያለን፣ በሕክምና ወጪ የደኸየ ወይም ዕዳ የገባ ዘመድ ካለ ከዘካው መስጠት ይቻል እንደሆነ የአካባቢያችንን ዑለማ እንጠይቅ።

እኔ ከእናቴ ጋር ተነጋግሬ ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። መድኃኒቷ በርካሽ ተተካላት፤ አሁን ሙሉውን ትወስዳለች፣ አልሐምዱሊላህ። በመድኃኒት ቤቱ ያየኋቸውን እናት ግን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ ከፊታችሁ የቆመ ሰው ብሩን ደግሞ ሲቆጥር ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ያ ረብ! የታመሙትን ሺፋ ስጣቸው፤ የተቸገሩትን አብቃቃቸው፤ እኛንም ለእነሱ ሰበብ አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!