ስማቸው ያልገነነ ሠሪዎች አሮጌ ሪከርቭ ቀስት፦ አመራረጥ፣ ምርመራና አያያዝ

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ሪከርቭ ቀስቶችን፣ ማለትም የክንዳቸው ጫፍ ወደፊት የተቀለበሰውን፣ መሰብሰብ የሚያምረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀስት ሠሪው ከፍሬድ ቤር ነው። ሚሺጋን፣ ግሬይሊንግ ውስጥ የተሠራው፣ ኮዲያክ የተባለው ቀስቱ ግሩም መሆኑ አያከራክርም። ዋጋው ግን የስሙንም ይጨምራል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው የሜፕል እንጨት፣ ፋይበርግላስና ማጣበቂያ የሠሩ፣ ሙያቸው የማያንስ ሌሎች ነበሩ። አዲስ ሰብሳቢ ከእነሱ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ በስም የማይመራ ሰው ቀስቱን ራሱን ማየት ይለምዳልና።

ማንን እንፈልግ?

ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ውስጥ ዴመን ሃዋት ነበር። ድርጅቱን በኋላ የዋላ ዋላው ማርቲን ገዛው፤ ሃንተር የተባለው ሞዴልም በማርቲን ዘመን መሠራቱን ቀጠለ። ቴክሳስ ውስጥ ቦብ ሊ ዊንግ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ለአደን ሬድ ዊንግ ሃንተር፣ ለዒላማ ፕረዘንቴሽን የተባሉት ቀስቶች የዚህ ቤት ሥራ ናቸው። ሼክስፒር የተባለው የካላማዙ ድርጅት ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሠሪ ነበርና በዚያ ያካበተውን የፋይበርግላስ ሙያ ወደ ቀስት አመጣው። አልበከርኪ ውስጥ ሃሮልድ ግሮቭስ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ በካታሎግ እያስመረጠ በፖስታ የሚሸጠው ኸርተርስ ነበሩ። ሲርስ የተባለው የሸቀጥ መደብር በቤዝቦል ተጫዋቹ በቴድ ዊሊያምስ ስም የሸጣቸው ቀስቶችም አሉ። እነዚህን የሠሯቸው ሌሎች ስለሆኑ፣ የማን እጅ እንደሆነ ከጫፉ አቀራረጽና ከእጀታው እንጨት መፈለግ ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

የሚዙሪው ሆለስ ዊልበር አለን ባለመዘውሩን ኮምፓውንድ ቀስት በ1969 የፈጠራ ባለቤትነት ካገኘበት በኋላ ገበያው ዞረ። ብዙ አዳኞች ሪከርቫቸውን ጋራዥ ውስጥ ሰቀሉት። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ዛሬ በያርድ ሴል ወይም በሟች ንብረት ሽያጭ ላይ የምታገኙት ያንን ነው።

ጽሑፉን አንብቡ

ቀስቱ እጃችሁ እንደገባ ከእጀታው ከፍና ዝቅ ብሎ ክንዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፈልጉ። በቀጭን ብዕር፣ በሠራተኛ እጅ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፦ 62" 45# 28"። ርዝመቱ 62 ኢንች፣ ማለትም 157 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ደግሞ ጣት ላይ የሚያርፈው ክብደት 45 ፓውንድ፣ ወደ 20 ኪሎ ነው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ስለሚጨምር ወይም ስለሚቀንስ፣ 26 ኢንች ብቻ የሚስብ ሰው በዚሁ ቀስት 40 ፓውንድ ገደማ ያገኛል። ለጀማሪ ከ45 ፓውንድ በላይ አልመክርም።

ቀስት ላይ ያገኛችሁት ዓመት ሁሉ የተሠራበት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። በብዙ የቤር ቀስቶች ላይ የሚነበበው 1953 የካናዳ የፈጠራ ባለቤትነት ዓመት ነው፤ ቀስቱ ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ ቀስት ነው። ጽሑፉ ያለው ቫርኒሹ ሥር ነው። ብርጭቆ ወረቀት ያነሳ ሰው ቫርኒሹን ብቻ ሳይሆን ስሙን፣ ቁጥሩንና ልኩንም ይፍቃል። የታወቀ ቀስት ቢሆን ከቅርጹ ሊለይ ይችላል፤ ከትንሽ ወርክሾፕ ለወጣ ቀስት ግን ያ መስመር ብቸኛ የልደት ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ቫርኒሹ የተቧጨረ፣ ጽሑፉ ግን የሚነበብ ቀስት እንደ መስታወት ከሚያብለጨልጨው ይበልጥብኛል።

ከመክፈል በፊት መርምሩ

የስልካችሁን መብራት ከክንዱ ጎን አስጠግታችሁ ፋይበርግላሱና እንጨቱ የተጣበቁበትን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ። ብርሃን የሚያስገባ ወይም የአውራ ጣት ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ካለ ማጣበቂያው ለቅቋልና ያ ቀስት ለግድግዳ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጥጥ በክንዶቹ ላይ አሹ፤ የተነሳ ስንጥር ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በፋይበርግላሱ ርዝመት የሚሄድ የፀጉር ያህል መስመር አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፤ አግድም የሚያቋርጥ ስንጥቅ ግን አደገኛ ነው። እጀታው ላይ ለማነጣጠሪያ የተበሳ ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ቀስቱን አይጥልም። ክንዱ ላይ ከሆነ ተዉት።

ሻጩ ሳይፈቅድላችሁ አትወጥሩት፣ ፍላጻ ሳትደግኑም ስባችሁ አትልቀቁ፤ በባዶ የተለቀቀ ቀስት ኃይሉ ወደ ራሱ ክንድ ተመልሶ ሊሰነጥቀው ይችላል።

አውታርና አወጣጠር

አብሮት የመጣውን አሮጌ አውታር አትመኑ። አዲሱ ዳክሮን፣ ለምሳሌ ቢ-50 የሚባለው ይሁን። ፋስት ፍላይት የመሰሉት ዘመናዊ አውታሮች ስለማይለጠጡ ሳይጠናከር የተሠራውን የድሮ ጫፍ ይጎዳሉ። ርዝመቱ ከቀስቱ ከ3 እስከ 4 ኢንች ያንስ፤ ለ62 ኢንች ቀስት 58 ወይም 59 ኢንች ማለት ነው።

ቀስቱን በእግር መሐል አስገብቶ ማጉበጥ ክንዱን ይጠመዝዛልና በመወጠሪያ ገመድ ተጠቀሙ። ከተወጠረ በኋላ የታችኛውን ጫፍ ጫማችሁ ላይ አሳርፉና በአውታሩ መስመር ቁልቁል ተመልከቱ፦ አውታሩ ክንዶቹንና እጀታውን መሐል ለመሐል መክፈል አለበት። ትንሽ ካዘነበለ ክንዱን በተቃራኒው አቅጣጫ በእጅ በቀስታ ይዞ መቆየትና መደጋገም ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ ቀስት ለጥቂት ሰዓታት ተወጥሮ ይቆይ፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት ኢንች እየጨመራችሁ ሳቡትና በየጊዜው ቀስ ብላችሁ መልሱት። እየሳባችሁ የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማችሁ አቁሙና ምርመራውን ድገሙ።

አያያዝ

ለማጽዳት በለስላሳ ሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ከደረቀ በኋላም ስስ የቤት ዕቃ ሰም ይበቃል። አሴቶን አታስጠጉ፤ ቀለሙንም ጽሑፉንም ያነሳል። አውታሩን አርግባችሁ ቀስቱን በሁለት ማረፊያ ላይ አጋድሙት፤ ጥግ ላይ በጫፉ የቆመ ክንድ ይጣመማል። በጋ ላይ መኪና ውስጥ የተረሳ ቀስትም ማጣበቂያው ሊለቅ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ቀስት ካርድ አዘጋጁለት። ጽሑፉን እንዳለ ገልብጡ፤ ርዝመቱን፣ ቁጥሩን፣ የእንጨቱን ዓይነትና የት እንደተገዛ ጨምሩበት። ሻጩንም ማን ይተኩስበት እንደነበር፣ አዲስ ሳለ ከየት እንደተገዛ ጠይቁት። ስለ ትንንሾቹ ሠሪዎች የታተመ ነገር ጥቂት ስለሆነ ያ መልስ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ካርዱን በጥጥ ክር እጀታው ላይ እሰሩት እንጂ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሲነሳ ቫርኒሹንም ይዞ ይነሳል።