ኪንታሮት ሥር የለውም፤ አይቁረጡት

በጎንደር አካባቢ፣ በፀዳም ሆነ በአዘዞ፣ እጁ ላይ ኪንታሮት የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ከነሥሩ ንቀለው» የሚል ነው። በዚህ ምክር ምላጭ ይነሣል፣ የፈረስ ጭራ ይታሠርበታል፣ የቁልቋል ወተት ይንጠባጠብበታል። ኪንታሮት ግን ሥር የለውም። የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ሲሆን የሚራባውም በላይኛው የቆዳ ንብርብር ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሚቆረጠው ጤነኛ ሥጋ ነው፤ ትርፉም ቁስልና ጠባሳ ነው። ሕክምናው ከላይ ወደ ታች በየቀኑ ጥቂት በጥቂቱ መፋቅ ነው።

1. መጀመሪያ ይለዩት

የእጅ ኪንታሮት ጠንካራና ሻካራ ነው። የቆዳው መስመር እሱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ላዩ ሲፋቅ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ ብዙ ሰው «ሥሩ» የሚለው ይህንን ነው፤ ነገር ግን ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ውስጥ እግር ላይ የወጣውን ከጎንና ከጎን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይሞክሩት፦ ኪንታሮት ሲቆነጠጥ ያማል፣ ጫማ ያደነደነው ቆዳ ግን ያንን ያህል አያምም።

በልጅ ገላ ላይ የወጣው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና መሐሉ ጎድጎድ ያለ ከሆነ በሌላ ቫይረስ የሚመጣ ሞለስከም ሊሆን ይችላል። አይጭመቁት፤ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል።

2. የሚያስፈልገውን ያዘጋጁ

ከመድኃኒት ቤት 17 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ፈሳሽ፣ ቫዝሊን፣ የወረቀት የጥፍር ሞረድና ፕላስተር ይግዙ። ለጭርት የሚሸጠው የዊትፊልድ ቅባት ውስጥ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ 3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለኪንታሮት አቅም የለውም።

3. ሁልጊዜ ማታ ይህን ያድርጉ

ሀ) ቦታውን ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ።
ለ) የራሰውን ነጭ ቆዳ በሞረዱ ይፋቁ፤ ሳይደማ ያቁሙ። ሞረዱን ለሌላ ሰውም ሆነ ለጤነኛ ጥፍርዎ አይጠቀሙበት።
ሐ) ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ይቀቡ።
መ) ኪንታሮቱ ላይ ብቻ መድኃኒቱን አድርገው ሲደርቅ በፕላስተር ይሸፍኑ።

ቦታው ቀልቶ ካቃጠለዎት ለጥቂት ቀናት አቋርጠው ይቀጥሉ። እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው ከፍ ያለው ዝቅ ሲል ዳነልኝ ብሎ ይተወዋል፤ የተረፈው መልሶ ያድጋል። የሚያቆሙት የቆዳው መስመር ሳይቋረጥ በቦታው ሲያልፍ ነው።

ይህን ሕክምና ለፊትና ለብልት አይጠቀሙ። ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የሚደነዝዝ ሰውም ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። የልጅ ኪንታሮት ካላመመው መታገሥም ይቻላል፤ አብዛኛው በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

4. እነዚህን ይተዉ

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ምላጭ ደም ያፈሳል፣ ቫይረሱንም ወደ ዳር ያዛምታል፤ ሰው የተጠቀመበት ከሆነ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል።

5. ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

በፍጥነት ካደገ፣ ሳይነካ ከደማ፣ ከቆሰለ፣ ፊት ላይ ከወጣ ወይም በ12 ሳምንት ካልተለወጠ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆዳ ሕክምና ክፍል ሊልኩዎት ይችላሉ። የቆዳ ሐኪም በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝን የመሰለ ሕክምና ሊያዝ ይችላል፤ እሱም በሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል። ኪንታሮቱ በድንገት ገላዎን ካዳረሰ የኤችአይቪ ምርመራም ያድርጉ።

የብልት ኪንታሮት በቤት አይታከምም። የትዳር ጓደኛዎም ይመርመሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ፤ ፖዶፊሊን የተባለው መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

6. እንዳይዛመት

ፎጣ፣ ምላጭና የእግር መፋቂያ ድንጋይ አይዋዋሱ። ፀጉር ቤት አዲስ ምላጭ ያስቀይሩ፤ ኪንታሮት ባለበት ጢም ላይ ምላጭ ማስኬድ መስመር አስይዞ ያበዛዋል። በካምፓስ የጋራ ሻወር በነጠላ ጫማ ይግቡ። ኮንጎ ጫማ የሚያዘወትር ሰው ማታ ማታ እግሩን ታጥቦ በደንብ ያድርቅ፤ የራሰ ቆዳ ቫይረሱን በቀላሉ ያስገባል። ሥጋ ቤት የሚሠሩ ሰዎች እጅ ላይ ኪንታሮት የሚበዛውም ቆዳቸው ቀኑን ሙሉ ስለሚረጥብ ነው እንጂ ከከብቱ ተጋብቶባቸው አይደለም። ጥፍር መንከስና ኪንታሮቱን መነካካት ለልጆችም ለአዋቂም ክልክል ይሁን።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የእጅና የእግር ኪንታሮትን አይከላከልም። ዋና ዒላማው ከዚሁ የቫይረስ ቤተሰብ ካንሰር የሚያመጡት ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ ሴት ልጅዎን ለኪንታሮት ብለው ጤና ጣቢያ ሲወስዱ፣ ዕድሜዋ ለክትባቱ ደርሶ እንደሆነም በዚያው ይጠይቁ።