ስለ 35 በመቶው ሳይኮራረፉ መከራከር፦ ደረጃ በደረጃ

ሁለት አብሮ አደጎች አሉ እንበል፤ አንዱ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ መምህር። ስለ ምርጫም ስለ ነዳጅ ዋጋም ሲሟገቱ ኖረው ኩርፊያ አያውቁም። የደመወዝ ግብር ሲነሳ ግን አንዱ «ሲሶዬን እየወሰዱብኝ ጭራሽ ይጨመርበት ትላለህ?» ይላል፤ ሌላው «ያለው ካልከፈለ ማን ሊከፍል ነው?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ መደዋወል ይቀራል። እናንተም እዚህ አፋፍ ላይ ከደረሳችሁ የሚከተለውን ሞክሩ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ምረጡ

ጓደኛችሁ ነጋዴ ከሆነ ሐምሌን ዝለሉት፤ የግብር ወር ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ ደግሞ ወሩ ሲገባደድና ኪሱ ሲሳሳ አታንሱበት። ሰው በተሰበሰበበትም አይሆንም፤ ተመልካች ካለ ሁለታችሁም የምትናገሩት ለተመልካቹ ነው።

ደረጃ 2፦ ከአስተያየት በፊት ስሌቱን አብራችሁ ሥሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡ። በ2017 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ወርሃዊ ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ በ15፣ በ20፣ በ25 እና በ30 በመቶ እርከኖች እየወጣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት አለ። 35 በመቶው የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ እንጂ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ አይደለም። ደመወዙ ከ14,000 ወደ 15,000 ያደገ ሰው ግብሩ የሚጨምረው 350 ብር ነው፤ 650ው የራሱ ነው። «እድገቴን ግብር በላው» የሚለው ወሬ በዚህ ስሌት አይቆምም።

አሁን ሥራ አስኪያጁ 30,000፣ መምህሩ 10,000 ብር ያገኛሉ ብላችሁ አስሉት። የሥራ አስኪያጁ ግብር 8,450 ብር ነው፤ ከደመወዙ ወደ 28 በመቶ። የመምህሩ 1,650 ብር፣ ማለትም 16.5 በመቶ ነው። «ታዲያ ሲሶ ተወሰደብኝ ያለው ዋሸ?» አትበሉ። 30,000ው በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ከሆነ 7 በመቶው፣ 2,100 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 10,550 ይሆናሉ፤ ከ35 በመቶ ትንሽ ያልፋል። ሰውየው የሚያወራው እጁ ላይ ስለደረሰው ብር ነው፣ ቅሬታውም ከዚያ ነው የመጣው። ጡረታ ግን ግብር አይደለም፤ ቀጣሪውም 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ ክርክሩ ሳይጀመር ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሁለቱን ለዩ።

የተሻሻለው አዋጅ ማንን ጠቀመ የሚለውንም በዚያው ተመልከቱ። በቀድሞው አዋጅ፣ በቁጥር 979/2008፣ ሥራ አስኪያጁ 9,000፣ መምህሩ 2,045 ብር ይከፍሉ ነበር። የመጀመሪያው 550፣ ሁለተኛው 395 ብር ቀለላቸው። በብር ካያችሁት ባለ ትልቁ ደመወዝ የበለጠ ተጠቀመ፤ በመቶኛ ካያችሁት ደግሞ መምህሩ። ሁለቱም በየፊናቸው «እኔ ነኝ የተጎዳሁት» ሊሉ የሚችሉት ሳይዋሹ ነው።

ደረጃ 3፦ «ከፍተኛ ተከፋይ» ስንት ብር የሚያገኝ እንደሆነ በቁጥር ተናገሩ

ጠቡ የሚብሰው ቁጥር ሳይጠራ ሲቀር ነው። መምህሩ «ሀብታሞች» ሲል የሚያስበው ባለ 200,000 ብሩን ሊሆን ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን የሰማው ራሱን ነው፣ ሕጉም በዚህ ያግዘዋል። 35 በመቶው የሚጀምርበት መነሻ በ1994 አዋጅ 5,000 ብር ነበር፣ በ2008 10,900 ሆነ፣ ዛሬ 14,000 ነው። በ23 ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ እንኳ አልሞላም። የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ በእነዚህ ዓመታት የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ 15,000 ብር የሚያገኝ ሰው «እኔ ነኝ ከፍተኛ ተከፋይ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ከ14,000 በላይ ሌላ እርከን የለም። ባለ 15,000ውና ባለ 200,000ው የመጨረሻዋን ብር የሚገብሩት በአንድ መጣኔ ነው፤ የመምህሩም ምርጥ ክርክር ይኸው ነው። ልብ በሉ፣ አንዱ «መነሻው ይነሳ» ይላል፣ ሌላው «ከላይ እርከን ይጨመር» ይላል። ሁለቱም በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ወረቀት አውጥታችሁ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ጻፉና ተለዋወጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ልዩነት ከጩኸቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ካልሆነም ቢያንስ በምን እንደተለያያችሁ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ የግብሩን መጠንና የገንዘቡን አዋዋል አታደባልቁ

«የተቆፈረው መንገድ ሳይሞላ ለምን እከፍላለሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ለሌላ ቀን ቡና አሳድሩት። «ነጋዴው ይደብቃል» የሚለውም እንደዚያው፤ በተለይ ጓደኛችሁ ነጋዴ ከሆነ። «እኛ ዝቅተኞቹ ግብር ከፋይ አይደለንም» የሚል ሰው ካለ ግን በየደረሰኙ ላይ ያለውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አስታውሱት።

ደረጃ 5፦ ውለታን ወደ ክርክሩ አታስገቡ

ወዳጅነትን ከመጣኔው ይልቅ የሚቆርጠው ይሄ ነው። ሻል ያለ ደመወዝ ያለው ጓደኛ የምሳውን ሒሳብ አዘውትሮ ይከፍል ይሆናል፤ አንዳንዴም ያበድራል። በክርክር መሃል «የምትበላውን የምከፍለው እኔ አይደለሁም?» ካለ፣ ያ ቃል ከዓመታት በኋላም ይታወሳል። ሌላውም በበኩሉ የእሱን ሸክም ይቁጠርለት። የወንድሙን ልጆች የሚያስተምር፣ እናቱን የሚጦር ሰው ብቻውን ከሚኖረው ባለ 30,000 እኩል 8,450 ብር ይገብራል፤ የደመወዝ ግብር ሕጉ ስንት ሰው በእጅህ ያድራል ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሰው «እኔ ግብሬን ቤተሰቤ ላይ ጨርሻለሁ» ሲል ንፉግ ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደረጃ 6፦ ከተኮራረፋችሁ

ለቅሶ ወይም ሠርግ እስኪያገናኛችሁ አትጠብቁ። ደውሉና የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቁ፤ ስለ ግብሩ እንደገና ማስረዳት አትጀምሩ። ይቅርታ የሚጠየቀው ለክፉው ቃል እንጂ ለአቋሙ አይደለም፦ «ወንድሜ፣ ስስታም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ስለ እርከኑ ግን አሳቤ ያው ነው» ማለት ይበቃል። ስልኩን ካላነሳ የሁለታችሁን ወዳጅ ላኩ፤ አንድ ሰው ይበቃል፣ ለግብር ጠብ ሽማግሌ ሰብስቦ መቀመጥ ነገሩን ያገዝፈዋል።