ጤነኛ መምሰል ማስረጃ አይሆንም



ለምሥጢረ ተክሊል የሚዘጋጁ እጮኞች ስለ ኤች አይ ቪ ሲጠየቁ «እንተዋወቃለን፤ ሁለታችንም ጤነኞች ነን» ሲሉ እንሰማለን። መተዋወቅ መልካም ነው፤ ቫይረሱ ግን በመልክ አይታወቅም።

በደም፣ በወንድ የዘር ፈሳሽና በሴት ብልት ፈሳሽ የሚገኘው ይህ ቫይረስ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ያለ መከላከያ በሚደረግ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ጤነኛ ከሚመስል ሰው ይተላለፋል። እያንዳንዱ ግንኙነት ያስይዛል ማለት ባይሆንም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊበቃ ይችላል። የአባላዘር ቁስል ካለ አደጋው ይብሳል።

በትዳር መታመን ወደፊት የሚመጣውን ይጠብቃል፤ አስቀድሞ የገባውን ግን አያስወጣም። ይህን የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው። በቅርቡ የተያዘ ሰው በመጀመሪያው ምርመራ ላይታወቅ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ መድገም ይገባል።

ቫይረሱ ከአንዳቸው ቢገኝ ተስፋ አይቆረጥም። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ በዚያው የጸና ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም።

እንግዲህ «ተመርመሩ» ስንል እጮኞችን መጠርጠራችን አይደለም፤ ቃል ኪዳናቸውን በእውነት ላይ እንዲመሠርቱ መርዳታችን ነው።